ኤንኤፍኤስ ክላየንት ጭጭ ሲል፦ ጥፋቱን ከየት ጀምሮ መፈለግ?

ተርሚናል ላይ «ዲኤፍ» ብላችሁ ጻፋችሁ፤ ዲስኩ ስንት ቦታ እንደቀረው ለማየት ብቻ። መልስ የለም። ኮንትሮል-ሲ ተጫናችሁ፤ አይሰማም። ሌላ ተርሚናል ከፍታችሁ ፋይሎችን ለመዘርዘር «ኤልኤስ» አላችሁ፤ እሱም ደርቆ ቀረ። ፕሮሰሰሩን ስታዩት ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። የሎድ አቨሬጁ (የሚሠሩና የሚጠብቁ ፕሮሰሶች አማካይ ብዛት) ቁጥር ግን 5፣ 12፣ 40 እያለ ሽቅብ ይወጣል። ስህተት ተፈጠረ የሚል ጽሑፍ የትም አይታይም።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲስኩ ነው። ቀጥሎ ሜሞሪው። ብዙ ጊዜ ግን ማሽኑ ምንም አልሆነም። ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ የመጣ አንድ ፎልደር እዚያ ላይ ማውንት ተደርጓል፣ ማለትም የማሽኑ የራሱ ፎልደር መስሎ ተያይዟል፤ መልስ መስጠት ያቆመው ያ ሌላው ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ሌስሊ ላምፖርት እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፈው ኢሜይል፣ ዲስትሪቢዩትድ ሲስተም ማለት መኖሩን እንኳ የማታውቁት ኮምፒውተር ተበላሽቶ የራሳችሁን ከጥቅም ውጭ የሚያደርግበት ሲስተም ነው ብሎ ነበር። ቀልድ ይመስላል። ኤንኤፍኤስ ላይ የሠራ ሰው ግን አይስቅም።

ኤንኤፍኤስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሳን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ የተወለደ የኔትወርክ ፋይል ሲስተም ነው። ፋይሉን የሚይዘው ማሽን ሰርቨር፣ በኔትወርክ የሚጠቀምበት ደግሞ ክላየንት ይባላል። አርጅቷል የሚለው ሰው ብዙ ነው። ግን የትም አልሄደም። ኮንቴይነሮችን (ለብቻቸው ታጥረው የሚሠሩ ፕሮግራሞችን) በሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ላይ ብዙ ፖዶች (የኮንቴይነር ቡድኖች) አንድ ፎልደር ሲጋሩ፣ ከስር ሆኖ የሚያገናኛቸው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። የአማዞን ኢኤፍኤስም ሆነ የጉግል ፋይልስቶር ከደንበኛው ማሽን ጋር የሚነጋገሩት በኤንኤፍኤስ ነው። ስለዚህ ዛሬ ችግሩ የሚደርስበት ሰው እንደ ድሮው ኤንኤፍኤስን መርጦ የተከለ ሲስተም አድሚን ላይሆን ይችላል። ኮንቴይነሩ ለምን እንደማይነሳ ግራ የገባው ዴቨሎፐር ሊሆን ይችላል። ማውንቱን ያደረገው ሌላ ሰው ነው፤ ጣጣው ግን እሱ ላይ ወድቋል።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። ክላየንቱ ጭጭ ሲል ተበላሽቶ አይደለም፤ የታዘዘውን እየሠራ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይመታል። ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ ማስረጃውን ያጠፋል። ይባስ ብሎም ዳታውን የሚያበላሽ ኦፕሽን ይጨምራል።

ዝምታው ከየት መጣ

ሌላ ካላዘዛችሁት በቀር ኤንኤፍኤስ ማውንት የሚደረገው «ሃርድ» በሚባለው መንገድ ነው። ሰርቨሩ ካልመለሰ ክላየንቱ ጥያቄውን እየደጋገመ ይጠብቃል። እስከ መቼ? እስኪመለስለት። አንድ ሰዓትም ይሁን አንድ ሳምንት። ፕሮግራሙ በዚህ መሃል ስህተት አይደርሰውም፤ እንደተንጠለጠለ ይቆያል። ሰርቨሩ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሊኑክስ ላይ በቲሲፒ ሲሆን ክላየንቱ መልስ የሚጠብቅበት መነሻ ጊዜ 60 ሰከንድ ነው። ኦፕሽኑ «ታይምኦ» ይባላል። የሚጻፈው ግን 600 ተብሎ ነው፤ መለኪያው የሰከንድ አንድ አስረኛ ስለሆነ። እዚህ ላይ የሚሸወደው ሰው ብዛቱ! 10 ሰከንድ ለማለት 10 ብሎ ይጽፋል፤ ያገኘው ግን አንድ ሰከንድ ነው።

ከጥቂት ሙከራ በኋላ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ሎግ ላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ፣ ስቲል ትራዪንግ» የሚል መስመር ይጽፋል። ሰርቨሩ ሲመለስ ደግሞ «ኦኬ» የሚል ይከተላል። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ሰዓት ወርቅ ነው። ከሰርቨሩ ሎግ ጋር አስተያዩት። ኔትወርክ ክፍሉ ጥገና ካደረገበት ሰዓት ጋርም አስተያዩት። ብዙ ጊዜ ምስጢሩ እዚያው ይፈታል፤ ሰው ግን ሎጉን ከመክፈቱ በፊት ኬብል መንቀል ይጀምራል።

የሚጠብቁት ፕሮሰሶች፣ ፕሮሰሶችን በሚዘረዝረው «ፒኤስ» ላይ «ዲ» የሚል ምልክት ይዘው ይታያሉ። ሊኑክስ እነዚህንም ሎድ ውስጥ ይቆጥራቸዋል። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ እያለ ሎዱ 40 የሚደርሰው ለዚህ ነው። ፒኤስን «ደብሊውቻን» የሚባለውን ዓምድ ጨምሮ እንዲያሳያችሁ ብታዙት፣ እያንዳንዱ ፕሮሰስ ከርነሉ ውስጥ የት ላይ እንደቆመ ይነግራችኋል። እዚያ ላይ «አርፒሲ ዌይት ቢት ኪለብል» የሚል ካያችሁ ሌላ ቦታ አትድከሙ፤ የሰርቨር መልስ እየጠበቀ ነው።

እንዲህ ያለውን ፕሮሰስ «ኪል -9» ይገድለዋል። ከከርነል 2.6.25 ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው። ያኔ «ኢንተር» የሚባለው ኦፕሽንም ሊኑክስ ላይ ጥቅም አልባ ሆኗል፤ እስካሁን ከድሮ መመሪያ እየገለበጠ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ ምን ማውንት እንደሚደረግ የሚጻፍበት ፋይል) ውስጥ የሚያስገባው ግን ሞልቷል። ከዚያ ፕሮሰስ ኋላ ተሰልፈው ከርነል ውስጥ ሎክ (አንድን ነገር በአንድ ጊዜ አንዱ ብቻ እንዲይዘው የሚያደርግ ቁልፍ) የሚጠብቁት ግን በኪልም ላይነቃነቁ ይችላሉ። አንዱ ሞቶ ሌላው አልሞት ሲላችሁ ግራ አይግባችሁ።

«ሶፍት አድርጉትና ተገላገሉ»

ይህ ምክር በየቦታው አለ። እኔ ከድጡ ወደ ማጡ ነው የምለው።

ሶፍት ሲሆን ክላየንቱ ጥቂት ሞክሮ ተስፋ ይቆርጥና ለፕሮግራሙ የአይኦ (የማንበብና የመጻፍ) ስህተት ይመልሳል። ሃንግ የለም፤ ጥሩ ይመስላል። ጉዱ ያለው መጻፍ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ሲጽፍ ዳታው መጀመሪያ የሚያርፈው ክላየንቱ ሜሞሪ ላይ ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ቆይቶ ነው። ለፕሮግራሙ ግን «ተጽፏል» የሚለው መልስ ቀድሞ ተሰጥቶታል። ስህተቱ የሚመጣው በኋላ፣ ፋይሉ ሲዘጋ ወይም ዳታውን አሁኑኑ አድርስ የሚለው «ኤፍሲንክ» ሲጠራ ነው። ፋይል ሲዘጋ የሚመለሰውን መልስ ቼክ የሚያደርግ ፕሮግራም ስንት ነው? እምብዛም። ኔትወርኩ ለጥቂት ደቂቃ ተቆርጦ ይመለሳል፤ ሁሉም ነገር ሰላም ይመስላል። መሃሉ የጎደለ ፋይል ግን ሰርቨሩ ላይ ተቀምጧል። የምታገኙት ምናልባት ባክአፕ ለመመለስ ስትሞክሩ ነው።

ክርክሩ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያው ሳን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ጂም ዋልዶና ባልደረቦቹ ኤንኤፍኤስን ራሱን ምሳሌ አድርገው ጽፈውበታል። ሃርድም ሆነ ሶፍት ጥሩ መውጫ አልሆነም። በኔትወርክ ያለን ነገር እዚሁ እንዳለ አስመስሎ ማቅረብ የኔትወርኩን ብልሽት አያስቀረውም ነው ነገሩ። እኔ በበኩሌ ለሚጻፍበት ሁሉ ሃርድ እላለሁ። የሚነበብ ብቻ ለሆነ ፎልደር፣ ለምሳሌ የሶፍትዌር ፓኬጅ ለሚቀመጥበት፣ ሶፍት ቢሆን አልጣላም። አዳዲስ ከርነሎች ላይ ደግሞ «ሶፍትኢአርአር» የሚባል አለ። እሱ የአይኦ ስህተት ከማለት ይልቅ «ጊዜው አለፈ» ብሎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙ የተበላሸ ዲስክን ከዘገየ ሰርቨር መለየት ይችላል ማለት ነው።

ሳይነኩ ማየት

ችግሩ ሲከሰት እጃችን የሚሮጠው ወደ ዲኤፍ ነው። ተዉት። ዲኤፍ ማውንት የተደረገውን ሁሉ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ የሞተው ሰርቨር ጋ ሲደርስ እሱም ተሰልፎ ይቀራል። በምትኩ «ፕሮክ» ስር ያለውን «ማውንትስ» የሚባል ፋይል በ«ካት» አንብቡት። እሱ ከርነሉ ራሱ የሚያውቀውን ነው የሚዘረዝረው፤ ሰርቨሩን አይነካም። «ኤንኤፍኤስስታት -ኤም» ደግሞ እያንዳንዱ ማውንት በእርግጥ በየትኛው ቨርዥንና በየትኛው ኦፕሽን እንደሚሠራ ያሳያል። «በእርግጥ» ያልኩት በምክንያት ነው። ቨርዥን ሳትጠቅሱ ማውንት ካደረጋችሁ ክላየንቱ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይደራደራል። 4.2 ነው ብላችሁ የምትምሉበት 3 ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ሰርቨሩ አለ ወይ? ፒንግ መለሰ ማለት ማሽኑ ኔትወርክ ላይ አለ ማለት ብቻ ነው። ኤንኤፍኤስ የሚያዳምጠው ፖርት 2049 ላይ ነው፤ መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። «አርፒሲኢንፎ -ኤን 2049 -ቲ» ብላችሁ፣ የሰርቨሩን ስም፣ 100003 የሚለውን የኤንኤፍኤስ ፕሮግራም ቁጥርና የምትፈልጉትን ቨርዥን ስጡት። ባዶ ጥሪ ይልካል። ዝግጁ ነው የሚል መልስ ከመጣ ሰርቪሱ በሕይወት አለ። ግንኙነቱ ተፈጥሮ መልስ ካልመጣ፣ ሰርቨሩ ላይ ያሉት የኤንኤፍኤስ ትሬዶች ሳይያዙ አልቀሩም፤ ምናልባት የሰርቨሩ የራሱ ዲስክ ታሞ ይሆናል። ግንኙነቱ ጭራሽ ካልተፈጠረ ፋየርዎሉን ወይም መንገዱን ተመልከቱ።

ቨርዥን 3 ከሆነ ጣጣው ይበዛል። 2049 ብቻ አይበቃውም። የሌሎቹን ፖርት የሚናገረው አርፒሲባይንድ 111 ላይ አለ። የማውንት ጥያቄ የሚቀበለው ማውንትዲ፣ የሎክ ነገር የሚመለከታቸው ሎክዲና ስታትዲ ደግሞ ቋሚ ፖርት ካልተሰጣቸው በየጊዜው የሚለዋወጥ ይይዛሉ። ትናንት ሲሠራ የዋለው፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ባደረገ ማግስት ፋየርዎል ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሎክ ሲሆን ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ወደ ክላየንቱ መልሶ የሚደውልበት ጊዜ አለ። የክላየንቱ ፋየርዎል ይህን ከዘጋ፣ ማንበቡም መጻፉም እየሠራ ሎክ የሚጠይቀው ፕሮግራም ብቻ ይደርቃል። የዚህን መንስኤ የሚጠረጥር ሰው ጥቂት ነው።

ቨርዥን 4 እነዚህን ሁሉ ወደ 2049 ጠቅልሏቸዋል። ስለዚህ 4 ብቻ የሚሰጥ ሰርቨር ላይ «ሾውማውንት» ካልሠራ አትደንግጡ። ሾውማውንት የሚያናግረው ማውንትዲን ነው፤ ማውንቱ ግን ያለ እሱ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ሰው የሚያሳብደውን ልንገራችሁ። «ሲዲ» ብላችሁ ትገባላችሁ፤ ይሠራል። ትንሽ ፋይል ታነባላችሁ፤ ይሠራል። 3000 ፋይል ያለበትን ፎልደር በኤልኤስ ስትዘረዝሩ ደርቆ ይቀራል። ፒንግ ይመልሳል፣ ፖርቱ ክፍት ነው፣ ሌላ ክላየንት ከዚያው ሰርቨር ጋር በሰላም ይሠራል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲመጣ ኤምቲዩን፣ በአንድ ጊዜ የሚላከውን ትልቁን የፓኬት መጠን በባይት፣ ጠርጥሩ። ሁለቱ ጫፎች ጃምቦ ፍሬም ተብሎ 9000 ተደርገዋል፤ መሃል ያለ አንድ ስዊች ግን 1500 ላይ ቀርቷል። ትንሽ መልስ በ1500 ውስጥ ስለሚገባ ያልፋል። ትልቁን ስዊቹ ድምፁን አጥፍቶ ይጥለዋል። ቲሲፒ ደግሞ ይልካል፤ ደግሞ ይጣላል። ክላየንቱ ጋ የሚታየው ያው ዝምታ ነው።

የሚያጋልጠው ያው ፒንግ ነው። መጠኑን 8972 ባይት አድርጉና እንዳይቆራረጥ እዘዙት፤ ሊኑክስ ላይ «ፒንግ -ኤም ዱ -ኤስ 8972» ነው። የቀረው 28 ባይት የአይፒና የአይሲኤምፒ ሄደር ነው። ተራው ፒንግ አልፎ ይሄኛው ካላለፈ ተገኘ። ሌላው ክላየንት የሚሠራው 1500 ላይ ስለተተወ ነው፤ ቲሲፒ ግንኙነት ሲጀምር ሁለቱ ወገኖች መጠናቸውን ይነጋገራሉ፣ ሰርቨሩም ለእሱ በትንሹ ይልክለታል።

ሌላው የዘመኑ ችግር ከኮፒ ማሽኖች ይመጣል። አንድ ቨርቹዋል ማሽን ይሠራና ሃያ ጊዜ ይባዛል። ስማቸው ሳይቀየር፣ ሁሉም «ሎካልሆስት» እንደተባሉ ሥራ ይጀምራሉ። ኤንኤፍኤስ 4 ላይ እያንዳንዱ ክላየንት ራሱን ለሰርቨሩ የሚያስተዋውቅበት መለያ አለው፤ የሊኑክስ ክላየንት ደግሞ ይህን መለያ የሚሠራው ከማሽኑ ስም ነው። ሁለት ሰው በአንድ መታወቂያ ባንክ እንደመግባት ነው። ሁለተኛው ሲመጣ ሰርቨሩ «ያ ክላየንት ሪስታርት አድርጎ ተመለሰ» ብሎ ያስባል፤ የመጀመሪያው የከፈታቸውን ፋይሎችና የያዛቸውን ሎኮች ይሰርዛል። የመጀመሪያው ይህን ሲያውቅ እንደገና ራሱን ያስተዋውቃል፤ አሁን ደግሞ የሁለተኛው ይሰረዛል። እንዲህ ሲነጣጠቁ ይውላሉ። አንዱ ማሽን ብቻውን ሲሆን ችግር የለም፤ ሁለተኛው ሲነሳ ብቻ ነው። መፍትሔው ለየማሽኑ የተለያየ ስም መስጠት፣ ወይም «ኤንኤፍኤስ4 ዩኒክ አይዲ» የሚባለውን የከርነል ሞጁል ፓራሜትር ለየብቻ መሙላት ነው። ኮንቴይነሮች የየራሳቸው ኔትወርክ ኔምስፔስ ሲኖራቸውም ተመሳሳይ ነገር ሊፈጠር ይችላል።

ሰርቨሩ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ፋይል መክፈትና ሎክ መያዝ ሲዘገይ ግን ተረጋጉ። የሊኑክስ ሰርቨር የድሮ ክላየንቶች የነበራቸውን ሎክ መልሰው እንዲይዙ 90 ሰከንድ ይሰጣል። ብልሽት አይደለም።

እምቢ ሲል

እምቢታ ከዝምታ ይሻላል። ቢያንስ የሚያናግራችሁ አለ።

ማውንት ሲደረግ «አክሰስ ዲናይድ» ካለ ሰርቨሩ ላይ ያለው የኤክስፖርትስ ፋይል (የትኛው ፎልደር ለማን እንደሚሰጥ የሚጻፍበት) አይፒያችሁን አላወቀውም ማለት ሊሆን ይችላል። ስትጠይቁ «ኧረ ጨምረነዋል» ይሏችኋል። ጨምረውት ይሆናል፤ «ኤክስፖርትኤፍኤስ -አርኤ» ብለው አላደሱት ይሆናል። ወይም እናንተ የምትወጡት ሰርቨሩ በማያውቀው ሌላ አይፒ ይሆናል፤ ሁለት ኔትወርክ ካርድ ያለው ማሽን ላይ ይህ የተለመደ ነው። ናት (መንገድ ላይ አድራሻ የሚቀይር አሠራር) ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። የሊኑክስ ሰርቨር ካልተነገረው በቀር ከ1024 በታች ከሆነ ፖርት የመጣን ጥያቄ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ ናት ግን ፖርቱን ወደ ላይ ይቀይረዋል። ማክ ላይም ያው ነው፤ «ሬዝቭፖርት» የሚለውን ኦፕሽን ስትጨምሩ ወዲያው የሚከፈተው ለዚህ ነው።

ማውንቱ ተሳክቶ መጻፍ ሲከለክላችሁስ? ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ከሆናችሁ «ሩት ስኳሽ» ነው። ሰርቨሩ ከሌላ ማሽን የመጣን ሩት አያምንም፤ ወደ «ኖቦዲ» ይቀይረዋል። ተራ ተጠቃሚ ከሆናችሁ ቁጥራችሁን ተመልከቱ። በተለመደው «ሲስ» ሴኩሪቲ የሚወስነው ስም ሳይሆን የተጠቃሚ ቁጥር ነው። እዚህ ማሽን ላይ 1001 የሆነው ሰው እዚያ ማሽን ላይ 1002 ከሆነ፣ በስም አንድ ሆኖ በፋይል ሌላ ሰው ነው። ቨርዥን 4 ነገሩን ትንሽ ያደናግረዋል። ኤልኤስ የሚያሳየው ባለቤት በስም ተተርጉሞ ሊመጣ ይችላል፤ ስሙ ትክክል ሆኖ እያለ ፈቃድ የሚሰጠው ግን አሁንም ከጥያቄው ጋር የሚላከው ቁጥር ነው። በተቃራኒው ሁሉም ፋይል የኖቦዲ ሆኖ ከታየ፣ ክላየንቱና ሰርቨሩ «አይዲማፕ» ማዋቀሪያ ላይ የጻፉት የዶሜይን ስም አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ካስተካከላችሁ በኋላ «ኤንኤፍኤስአይዲማፕ -ሲ» ብላችሁ የቆየውን ካሽ አጽዱ፤ አለዚያ አልሠራም ብላችሁ ያስተካከላችሁትን መልሳችሁ ታበላሻላችሁ።

በግሩፕ በኩል የሚመጣም አለ። ሲስ ሴኩሪቲ ከ16 በላይ ግሩፕ መሸከም አይችልም። ሰውየው 20 ግሩፕ ውስጥ ካለ አራቱ መንገድ ላይ ይቀራሉ። «ግሩፑ ውስጥ አለሁ፣ ግን አያስገባኝም» የሚል ቅሬታ ስትሰሙ መጀመሪያ ስንት ግሩፕ እንዳለው ቁጠሩ። ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ማውንትዲን «ማኔጅ ጂአይዲስ» በሚለው ማስነሳት ይፈታዋል።

ከርቤሮስ (ማንነትን በቲኬት የሚያረጋግጥ ሥርዓት) ካለ ሰዓቱን እዩ። በመደበኛው ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት አይታገስም። ቀን የሚሠራ ሌሊት በክሮን (ሥራን በቀጠሮ ሰዓት በሚያስነሳው) ሲሆን የሚከለከል ሥራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቲኬቱ ጊዜው አልፎበት ነው።

የቆየ መልስ ሲሰጥ

አንዱ ማሽን ላይ ፋይል ጽፋችሁ ሌላው ላይ ሳይታይ ይዘገያል። ብልሽት አይደለም፤ ክላየንቱ የፋይሎችን መረጃ ለአጭር ጊዜ ይዞ ያስቀምጣል። ሊኑክስ ላይ በመደበኛው ለፋይል ከ3 እስከ 60፣ ለፎልደር ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ነው። ኤንኤፍኤስ የሚጠብቀው ሥርዓት፣ አንዱ ፋይሉን ከዘጋው በኋላ የሚከፍተው ሌላው አዲሱን ያያል የሚል ነው። ሁለቱም እንደከፈቱት እኩል የሚጽፉበት ከሆነ ሎክ ያስፈልጋል። «ኖኤሲ» ብሎ ካሹን ማጥፋት ይቻላል፤ ፍጥነቱ ግን አብሮ ይጠፋል። ለአንድ ችግር ሁሉንም ማውንት ኖኤሲ ማድረግ አይመከርም።

«ስቴል ፋይል ሃንድል» ግን እውነተኛ መልእክት ነው። ክላየንቱ ፋይልን የሚያስታውሰው በስሙ አይደለም፤ ሰርቨሩ በሰጠው መለያ ነው። መለያው ውስጥ የፋይል ሲስተሙ ቁጥርና የአይኖዱ (ፋይል ሲስተሙ ውስጥ ያለው የፋይሉ መዝገብ) ቁጥር አሉ። ሰርቨሩ ላይ ፋይሉ ከጠፋ፣ ወይም ዳታው ወደ አዲስ ዲስክ ተገልብጦ በድሮው ስም ኤክስፖርት ከተደረገ፣ ስሙ ያው ሆኖ መለያው የማንም ያልሆነ ይሆናል። አንድ ፎልደር ብቻ ከሆነ ወጥታችሁ መግባት ይበቃል። ሁሉም ከሆነ ነቅሎ እንደገና ማውንት ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው የሚሸጋገር ክላስተር ከሆነ ደግሞ ሁለቱም ጋ «ኤፍኤስአይዲ» (የፋይል ሲስተሙ ቁጥር) አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ በእያንዳንዱ ሽግግር ይደገማል።

በነጥብ ጀምሮ «ኤንኤፍኤስ» የሚል ስም ያለው፣ ብታጠፉትም የሚመለስ ፋይል ካያችሁ ቫይረስ አይደለም። አንድ ፕሮግራም እንደከፈተው የተሰረዘ ፋይል ነው። ፕሮግራሙ ሲዘጋው ራሱ ይጠፋል። ማን እንደያዘው «ኤልኤስኦኤፍ» ይነግራችኋል።

መዘግየትን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል። «ኤንኤፍኤስአይኦስታት» ሁለት ቁጥር ያሳያል። አንዱ ጥያቄው ከወጣበት መልሱ እስከመጣበት ያለው ጊዜ ነው፤ «አርቲቲ» ይባላል። ሌላው «ኤግዜ» የሚባለው፣ ክላየንቱ ውስጥ ወረፋ የጠበቀበትን ጨምሮ ጠቅላላው ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡና ትልቅ ከሆኑ ኔትወርኩን ወይም ሰርቨሩን ጠይቁ። አርቲቲው ትንሽ ሆኖ ኤግዜው ከተንጠራራ መጨናነቁ እዚሁ ክላየንቱ ጋ ነው። ከከርነል 5.3 ወዲህ የመጣው «ኤንኮኔክት»፣ ከአንድ ሰርቨር ጋር ከአንድ በላይ የቲሲፒ ግንኙነት የሚከፍተው፣ የሚያግዘው ለዚህኛው ነው። ለመጀመሪያው ብዙም አይፈይድም።

ሪስታርት ከማድረግ በፊት

«ዩማውንት -ኤፍ» መጀመሪያ ይሞከር፤ የተንጠለጠሉትን ጥያቄዎች ለመሰረዝ ይሞክራል። «ዩማውንት -ኤል» ማውንቱን ከዓይን ያነሳል እንጂ የተንጠለጠሉትን ፕሮሰሶች አያስለቅቅም። የሚጠቅመው አዲስ ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ፍሪቢኤስዲ ላይ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ «ዩማውንት -ኤን» አለ።

ማሽኑ ሲነሳ ራሱ የሚደርቅ ከሆነ ኤፍኤስታብ ውስጥ «ኔትዴቭ» እና «ኖፌይል» የሚሉትን ጨምሩ፤ የመጀመሪያው ኔትወርኩ እስኪነሳ ያስጠብቃል፣ ሁለተኛው ማውንቱ ባይሳካም ማሽኑ እንዲነሳ ይፈቅዳል። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው) ካለ ደግሞ ፎልደሩ በተነካ ጊዜ ብቻ እንዲገናኝ ኦቶማውንት ማድረግ ይሻላል።

ሪስታርቱ የግድ ከሆነም ከዚያ በፊት ማስረጃውን ያዙ። ከርነሉን በ«ሲስአርኪው» (ከርነሉን በቀጥታ ማዘዣ መንገድ) በኩል «ደብሊው» የምትለዋን ፊደል ስትልኩለት፣ የታገዱትን ፕሮሰሶች ሁሉ ከነቆሙበት ቦታ ሎግ ላይ ይጽፋቸዋል። የሚጻፍበት ሎግ ራሱ ኤንኤፍኤስ ላይ አለመሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ያጋጥማል። ከዚያ በኔትወርኩ የሚያልፈውን የሚቀዳውን «ቲሲፒደምፕ»ን ፖርት 2049 ላይ ለጥቂት ደቂቃ ክፈቱት፤ ፋይሉንም የማሽኑ የራሱ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ጥያቄ እየወጣ መልስ ካልመጣ ክላየንቱ ነጻ ነው። ጥያቄው ራሱ ካልወጣ ደግሞ ሰርቨሩን አትወንጅሉ።

ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሌላ ሰው ከሆነ የሚላክለት ይህ ነው። «ኤንኤፍኤስ አልሠራም» ብቻ ከተባለ «ከኛ በኩል ሰላም ነው» ብሎ መመለሱ አይቀርም። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው አይፒ፣ የትኛው ኤክስፖርት፣ በየትኛው ቨርዥን ብላችሁ ጻፉለት፤ የቲሲፒደምፑንም ፋይል አያይዙለት።